ሃምሳ ዘጠኝ ባይት

ደረት ውስጥ የሚቀበረው የልብ ማገዣ መሣሪያ ቺፕ የሚችለው ስልሳ አራት ኪሎባይት ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ ከዚያ አልፏል። እስከ ዓርብ ቀትር ካላነሰ መሣሪያው በሰው ላይ የሚሞከርበት ሙከራ ይሰረዛል። ለሙከራው የተመረጡት የመጀመሪያው ታካሚ የፕሮግራመሩ አባት ናቸው፤ ሐኪሞቹም ሌላ መላ የለንም ብለዋል። ፕሮግራመሩ እናቱን ዓምና ቀብሯል፤ አባቱን ግን ለሞት አልሰጥም ብሎ ምሏል።

ስለዚህ እህል ውሃ ረሳ። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረውን ኮምፓይለር ከፍጥነት ይልቅ ማነስን እንዲያስቀድም አዘዘው። ማንም የማይጠራቸውን ፈንክሽኖች፣ ሥራ የፈቱ የኮድ ቁራጮችን፣ ነቀለ፤ የስህተት መልእክቶቹን ቆራረጠ። ማክሰኞ ማምሻውን ፕሮግራሙ ሃያ ባይት ተርፎት ቺፑ ውስጥ ገባ።

ረቡዕ ጠዋት ከቺፑ አቅም በሠላሳ ዘጠኝ ባይት በልጦ አገኘው። ኮዱ መሃል የማያውቀው የሃምሳ ዘጠኝ ባይት የቁጥር ረድፍ ተሰክቷል፤ ኮምፓይለሩ ትርፍ ነው ብሎ እንዳይጥለውም ተደርጎ ታስሯል።

«ይሄ የለማጅ እጅ አይደለም» አለ። ነቅሎ ጣለው። ሐሙስ ጠዋት ረድፉ ተመልሶ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል።

ጥርጣሬው «ነገረኛው» ላይ አረፈ፤ ሥራው ለእኔ ይገባ ነበር ብሎ ያኮረፈው ባልደረባው ላይ።

«አንተ ነህ አይደል?»

«ምኑን?»

«በአባቴ ነፍስ አትጫወት!»

«ኮድህን ነክቼ ከሆነ እጄ ይቆረጥ!» አለ ነገረኛው። አለቃቸው ግን መሐላውን አልሰማችውም፤ የመግቢያ ካርዱን ተቀብላ አሰናበተችው።

ፕሮግራመሩ ቁጥሮቹን ዳግም ነቅሎ፣ ላፕቶፑን ይዞ ቤቱ ገባ። እንደ ሰሞኑ ሁሉ አባቱ አልጋ አጠገብ ከፍቶት ተቀመጠ። ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ።

«ከሳህ እኮ። ተወው በቃ» አሉት።

«ነገ ያልቃል አባዬ። ትንሽ ታገሰኝ።»

አዛውንቱ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው መለሱ። እሱም እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጣለው።

ዓርብ ጠዋት ቁጥሮቹ ተመልሰዋል። አለቃው ጋ ደወለ።

«ያ ሰው ዛሬም ገብቷል!»

«በየት በኩል? ካርዱ እኔ ጋ ነው። ኮዱም ከትናንት ጀምሮ ያለው አንተ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው።»

ስልኩን ዘጋ። ቀትር ሊሆን ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥሮቹን ከመንቀሉ በፊት ወደ ፊደል መለሳቸው።

«ልጄ፣ በቃኝ። እናትህ ዘንድ ልሂድ።»