ሳልበላ የመጣ ስኳር

ባሌ በላቸው በተቀበረ ማግሥት ድንኳኑ በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። ዘንድሮ ሰው ሁሉ በደሙ ውስጥ ያለውን ሆርሞን ጮክ ብሎ የሚናገር አምባር እንዲያስር ታዟል፤ ስለዚህ ለቅሶ ቤት ማስመሰል ቀርቷል። የባሌ እህት የሺመቤት ደረቷን እየደቃች "ወንድሜን!" ስትል አምባሯ "የጭንቀት ሆርሞን እንደ ወትሮው" አለ። ለቀስተኛው አንገቱን ደፍቶ ሳቁን ዋጠ።

"ቀጣፊ ብረት!" አለችው።

እኔ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። እህል ካልቀመስኩ ኢንሱሊን ምን ያደርግልኛል ብዬ መርፌዬን ሁለት ቀን ትቼው ነበር። ሲያቅለሸልሸኝና ትንፋሼ ሲፈጥን ሐዘኑ ነው አልኩ። ድንገት የእኔም አምባር ጮኸ።

"ኢንሱሊን የለም! አድሬናሊን፣ ኮርቲዞልና ግሉካጎን የተባሉት ሆርሞኖች ጉበቷ ስኳር እንዲለቅ እያዘዙት ነው። ስቧ እየነደደ ደሟ አሲድ እየሆነ ነው። ሐኪም ቤት ካልደረሰች ትሞታለች!"

"ሳትበላ ስኳሩ ከየት መጣ?" አሉ የነፍስ አባታችን።

"ከሐዘኗ" አለ አምባሩ።

የሺመቤት ብድግ አለች። "አንቺ ጉድ! ወንድሜ አልበቃ ብሎ ባንቺም ልታስለቅሺኝ ነው? ተነሽ!" ብላ እየጎተተች መኪና ውስጥ ከተተችኝ።

ፈሳሽና ኢንሱሊን ሦስት ቀን በደም ሥሬ ሲገባ ቆይቶ ዳንኩ። ከዚያ ወዲህ የባሌን ኮት ላሸት ቁም ሳጥኑን ስከፍት አምባሬ ሐዘኔን መዝኖ የምወጋውን የኢንሱሊን መጠን በዩኒት ይነግረኛል።

የሺመቤትም ጠዋት ጠዋት ደውላ "እሺ፣ ዛሬስ ስንት ዩኒት ናፈቀሽ?" ትለኛለች።