ክሊኒኩ ደጃፍ

የካቲት ዘጠኝ ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እህቴ ትርንጎ በልብ ሕመም ሞተች። የወር አበባዋ የቆመው ገና በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ እንዲህ ያለ ዕድሜው ሲቆም ለልብ ሕመም እንደሚያጋልጥ ያወቅነው ግን ኋላ ነው። ደረቷን ሲያፍናት የሰፈራችን ክሊኒክ ሐኪም ልቧን እንኳ ሳያዳምጥ፣ «ያረጠች ሴት ሁሉ እንዲህ ያደርጋታል» ብሎ መለሳት።

አርባዋ እንደወጣ ክሊኒኩ ደጃፍ ቆሜ ለሚገቡት ሴቶች ሁሉ ይህንኑ እናገር ጀመር። እንጀራውን ልዘጋበት ቆርጬ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ከውስጥ እየተንደረደረች መጣች።

«አንቺ ሴትዮ፣ የባሌን ስም አታጥፊ!»

«አንቺስ፣ የወር አበባሽ መቼ ቆመ?» አልኳት።

ቁጣዋ በረደ። «በአርባ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔንም ያፍነኛል። ያልፋል ይለኛል።»

ዛሬ ልቧን የምትታከመው ሌላ ሐኪም ዘንድ ነው። ለምን እንደሆነም ለጠየቃት ሁሉ ትናገራለች።