ባዶው ፋይል

ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ፣ ነገሩ እንዳለ እውነት ነው። የሆስፒታሉ መተንፈሻ ማሽን ፕሮግራም ተበላሽቶ፣ ፕሮግራመሩ እንደገና ሊገነባው ተቀምጦ ነበር። ስልኩ ላይ እህቱ ነበረች፤ አራስ ልጇን ነርሷ በእጅ መንፊያ እየነፋች ታስተነፍስላት ነበር። ኢንተርኔት ከጠዋት ጀምሮ ተቋርጧል። ኮምፒውተሩ ግንባታውን ከመጀመሩ በፊት የሚያስፈልጉትን የሶፍትዌር መሣሪያዎች አንድ በአንድ ይፈትሽ ጀመር፦ አለ፣ አለ፣ አለ።

የመጨረሻውንም "አለ" ሲል የሰውየው ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ደረቁ። ያ መሣሪያ የለም። ባለፈው ሳምንት ፍተሻው አላሳልፍ ቢለው፣ በመሣሪያው ስም ባዶ ፋይል ፈጥሮ ሸውዶት ነበር፤ ፍተሻው እንደሆነ እንደ ሰነፍ ዘበኛ ስም ብቻ ጠይቆ ነው የሚያሳልፈው። አሁን መሣሪያውን ከየት ያወርደዋል?

"ወንድምዓለም፣ ንገረኛ! ሁሉም አለ ይላል?"

"ይላል፣ እህቴ።"

እሺ፣ ይህቺን "ይላል" ባዶው ቦታ ላይ የጨመርኳት እኔ ነኝ። እሱ አፉንም አልከፈተም።