ቁጥር አሥራ ሰባት

የወባ ተመራማሪው ዶክተር፣ ባሕር ማዶ የታተመለትን ጽሑፍ ጀውሃ መንደር ዋርካው ሥር ገልጦ ለአመለወርቅ አንዲት መስመር አሳያት። «ሟቿ ልጅሽ ይህችውና፤ አርባ ሊቃውንት በየጽሑፋቸው አንስተዋታል። አውራጃ ገዢው ሳይቀሩ እጄን ጨበጡኝ።»

አመለወርቅ መስመሯን በጣቷ ዳሰሰች። እሷ ለተዝካሯ ሙክት አርዳ እንኳ ከሁለት ቄስ በላይ አላገኘችም። «እሰይ! ታዲያ የክርስትና ስሟን በትክክል ጠሩት፣ ጌታዬ? ወለተ ሐና ነው ያልኩዎት።»

«ስም አይጻፍም። ስኳር ከዋጡት አሥራ ሰባተኛዋ ተብላ ነው።»

«የምን ስኳር? እኔ ያስዋጥኳት የሰጡኝን ክኒን ነው።»

«ለማነጻጸሪያ ነዋ! ለግማሾቹ መድኃኒት፣ ለግማሾቹ መድኃኒት የመሰለ ስኳር ሰጠን። መድኃኒቱን የወሰዱትማ ድነዋል።»

ጣቷ ከመስመሯ ላይ አልነሳ አለ። ዶክተሩ እጇን ራሱ አነሳላትና፣ ላቧ ያረፈበትን ወረቀት በመሐረቡ ጠረገ።