ሦስተኛው መርገጫ

ካዙንጉ የኮኮናቱ ግንድ የመጀመሪያ መርገጫ ላይ እግሩን ሲያሳርፍ መላው የኪሊፊ ባሕር ዳርቻ ዞረበት። ግንዱ ላይ ሙጭጭ አለ።

“አያችሁ? የሚቀዳውን የኮኮናት ጠጅ ራሱ እየጨረሰው ነው!” አለ ከመንደርተኛው ጋር ከሥር የቆመው የሚስቱ ወንድም ካሪሳ። “ውረድ አንተ ሰካራም! እህቴን መበለት ልታደርጋት ነው?”

ከኮኮናት ዛፍ አናት ጠጅ የሚቀዳ ሰው ሲንገዳገድ መንደሩ ሌላ ምክንያት አይፈልግም ነበር። ካዙንጉ ግን በዕድሜው አንድ ጠብታ ቀምሶ አያውቅም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እንደነገረችው፣ በልጅነቱ ከንፈሩን ያቆሰለው የምች ቫይረስ በውስጥ ጆሮው ነርቭ ተኝቶ ኖሮ ዘንድሮ ሳይነቃበት አልቀረም። ዛፍ እንዳይወጣም ለምናው ነበር።

“ከነቃህማ አብረን እንወጣለን” አለ ለጆሮው። ዓይኑን ጨፈነ። መርገጫዎቹን በገዛ እጁ የፈለፈላቸው ስለሆነ እግሩ አልሳታቸውም። ሁለት። ሦስት። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ካሪሳ ትከሻ ላይ አስመለሰው።

“አሽትተው!” ብሎ ጮኸ፣ ግንዱን ሳይለቅ። “ጠጅ ይሸታል?”

ካሪሳ ሸሚዙን አሸተተ። የጠዋቱ ሻይና ማንዳዚ የሚሉት ብስኩት ብቻ ነበር። ቀና ብሎ አየው።

“ነገ አራተኛውን እወጣለሁ” አለው ካዙንጉ። “ሸሚዝ ቀይረህ ና።”