አልነግርሽም

"ንቀይው እንጂ፣ ማን ከለከለሽ?" አለች እናቴ። እጇን ግን ከአሮጌው ራውተር ላይ አላነሳችም።

"እማዬ፣ እንግዲያው እጅሽን አንሺልኝ።"

አነሳች። ገመዱን ነቀልኩት። አረንጓዴዎቹ መብራቶች ሲጠፉ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ራውተሩን መደርደሪያው ላይ የገጠመው አባባ ነበር። ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም።

እኔም ወድጄ አይደለም። ሥራ ስውል እናቴን እንዳያት ብዬ ሳሎን ባስገባሁት ካሜራ፣ አንድ የማናውቀው ሰው በዋይፋያችን ገብቶ ሲያያት ከርሟል። ብቻዋን ተቀምጣ ስታለቅስ አይቷት ይሆናል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ማን ብዬ ልጠርጥር? ፓስወርዳችንን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ጉድ የሠራን የአባባ ቀልድ ነው። ራውተሩን የገጠመ ዕለት እናቴ "ፓስወርዱ ምንድነው?" ብትለው "አልነግርሽም" አላት። ደግማ ጠየቀችው፤ "አልነግርሽም አልኩሽ እኮ!" አኩርፋ እራት ሳትበላ ተኛች። ለካ ፓስወርዱ ራሱ "አልነግርሽም" ኖሯል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይህንኑ ሲያወራ ኖረ። የሰማም እየሳቀ ስልኩ ላይ ይጽፈዋል።

ኋላ እየከሳ ሲሄድ እናቴ "ኧረ ምን ሆነሃል?" ትለው ነበር። "አልነግርሽም" ይላታል፤ እንስቃለን። ሕመሙን በሆዱ ይዞት ኖሮ እኛ የሰማነው ከሐኪሙ አፍ ነው፤ ያውም ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ። ከቀብሩ ወዲህ ያቺን ቃል በቤታችን ያነሳት የለም።

አዲሱን ራውተር እዚያው መደርደሪያ ላይ አድርጌ ሰካሁ። ከስልኬ ገብቼ የዋይፋዩን ስም ለወጥኩ።

"አሁን ረዘም ያለ ፓስወርድ ምረጪ" አልኳት። "ሰው የማይገምተው፣ አንቺ ግን የማትረሺው።"

"የማልረሳው?" አለች። "እሱስ ሞልቶኛል።"

ስልኬን ተቀበለችኝ። መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ዝቅ አድርጋ፣ እንደ አባባ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በአንድ ጣቷ እየለቀመች ጻፈች። ሦስቴ አጥፍታ ጻፈች። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝ።

ስልኬ ከዋይፋዩ ወጣና አዲሱን ፓስወርድ ጠየቀኝ።

"ምን አልሽው?"

"ምናለ ብትነግ…" ቀሪውን ወደ መስኮቱ ዞራ ዋጠችው።

"ምኑን ልንገርሽ፣ እማዬ?"

"ፓስወርዱ ነው የኔ ልጅ። እንደሰማሽው ጻፊው።"

እኔም በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩ፦ ምናለ ብትነግሪኝ። አንድ ነገር የደበቅኳት መስሏት የተቀየመችኝ መሰለኝ። ስልኩ "ትክክል አይደለም" አለኝ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያየሁ ደገምኩት፤ አሁንም እምቢ አለ።

እናቴ በትከሻዬ በኩል ጎንበስ ብላ አየች።

"'ሪ' አይደለም" አለች ቀስ ብላ። "'ረ' ነው። ላንቺ አይደለም የተባለው።"

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። አንዷን ፊደል አጥፍቼ ለወጥኳት።

ምናለ ብትነግረኝ።

ስልኩ ተቀበለው፤ መደርደሪያው ላይ የአዲሱ ራውተር አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለ።