አሥር ሣጥኖች

መርማሪው የእስረኛውን ውስጥ እግር በኤሌክትሪክ ገመድ ሲገርፍ ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጠረጴዛው ላይ እስረኛው የላከውና ከጓደኛው ቤት የተያዘው መልእክት ታትሞ ተቀምጧል፤ አሥር ባዶ ሣጥኖች ብቻ።

«የመጀመሪያው ሣጥን ማን ነው?»

«ፊደል ነው ጌታዬ። በአማርኛ የሚጻፍ የኮምፒውተር ቋንቋ ሠርቼ፣ ጓደኛዬ እንዲሞክረው የላክሁለት ኮድ ነው። በእናንተ ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ፊደል ስላልተጫነ ነው ሣጥን የሚሆነው።»

«እኔን ነው የምታሞኘው?»

ገመዱ እንደገና ወረደ።

የፊት ጥርሶቹ ሲረግፉ ለየሣጥኑ ስም ይሰጥ ጀመር። አብረውት የተማሩትን ሰጠ፣ አብረውት የሚሠሩትን ሰጠ፣ ቤት ያከራየውን ሽማግሌ ሳይቀር ሰጠ። ዘጠኝ ላይ ሰው አለቀበት። መርማሪው የአውራ ጣቱን ጥፍር በጉጠት ሲይዝበት ለአሥረኛው ሣጥን የእህቱን የትርሲትን ስም ጠራ።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ባለሙያ መጥታ ኮምፒውተሩ ላይ የአማርኛ ፊደል ጫነች። ሣጥኖቹ ጠፉና በቦታቸው አንድ መስመር ጽሑፍ መጣ፦

አትም "ሰላም ለዓለም"

«ይኼንንማ ፕሮግራም የሚማር ሁሉ መጀመሪያ ቀን ይጽፈዋል» አለች ባለሙያዋ። «ኮምፒውተሩን ‹ሰላም በል› ብሎ ማዘዝ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም።»

መርማሪው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ስልኩን አነሳ።

«አሥር ናቸው፤ ቁጥሩ ልክ ነው» አለ። «እህትየዋንም አምጧት።»